መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ

እትዬ ባልዲ ተንበርክካ የሦስተኛውን መደብ አፈር በትንሿ ጣቷ ጥፍር ትጭራለች። አጫጫሯ የዶሮ አይደለም፤ ከተኛ ሕፃን ፊት ላይ ዝንብ የምታባርር ሴት እጅ ነው የሚመስለው። የሽንኩርት ዘር ጠልቆ አይቀበርም፤ ግማሽ አንጓ ያህል እንኳ ሳትወርድ አንዲት ጥቁር ፍሬ አገኘች። በሁለት ጣቶቿ መሀል ይዛ ጫን አለቻት። ፍሬዋ ጤነኛ ብትሆን ጠንከር ብላ ነጭ ውስጧን ታሳይ ነበር። ይቺ ግን እንደ በሰበሰ ቲማቲም ፈርጣ ግራጫ ውሃ ተፋች። አሸተተቻት። ሁለተኛ ፈለገች፣ ሦስተኛ ፈለገች፤ አምስት አገኘች፣ አምስቱም ያው።

«እናንተማ ሳትወለዱ ነው የሞታችሁት፤» አለቻቸው።

ዘሩ ከተዘራ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል። ሽንኩርት ዘገምተኛ ነው፤ ቢሆንም በአሥረኛው፣ ቢያረፍድ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደ መርፌ ዓይን ጎበጥ ብሎ አፈሩን ሰብሮ መውጣት ነበረበት። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ያሉት አምስት መደቦች ግን እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃሉ። ዳርና ዳራቸው በገመድ ተለክቷል፣ በመሀላቸው ያለው መተላለፊያ ኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከቧል፣ በየመደቡ ራስጌ ባለ ሁለት እግር የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው «ሽንኩርት፤ ዘጠነኛ ክፍል፤ የብቅለት መጠን ዘጠና አምስት ከመቶ» ይላል። በዚያ ወር በዚያ ጓሮ ከመሬት ብቅ ያለ ነገር ቢኖር ሰሌዳው ብቻ ነበር።

ሰሌዳውን ያስተከለው የእርሻ ሳይንስ መምህሩ ነው። ልጆቹ «መቶኛ» ይሉታል፤ ከመቶ ስንት እንደሆነ ሳይናገር አፉን ስለማይዘጋ። «ሰባ ከመቶው አልገባችሁም፣ ሠላሳ ከመቶው አልሰማችሁም» ብሎ ክፍል ይገባል፣ «ስድሳ ከመቶው ይወድቃል» ብሎ ይወጣል። ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ጋዋኑ ላይ ቀለም ታይቷል፣ የሻይ ጠብታ ታይቷል፤ አፈር ግን ታይቶበት አያውቅም። እርሻ እያስተማረ ሦስት ዓመት ሲቀመጥ ጓሮውን የረገጠው በኖራው ድንጋይ መሀል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ለሱ ባሕር ነው።

አሁንም መጥቶ ድንጋዩ ጋ ቆመ። ለፀሐይ ጃንጥላ ይዟል።

«አንቺ፣ ምን ትቆፍሪያለሽ? ዘሩን ልታወጪው ነው እንዴ?»

«ዘሩ ራሱ አልወጣ ብሎ ነው መምህር፤ ልጠራው ብዬ ነው።»

እናቱ ልትሆን በምትችል ሴት ላይ «አንቺ» ሲል ምላሱን አይጎረብጠውም። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ «እርስዎ» ትለዋለች፤ አክብራው ሳይሆን አፏን እንዳታስለምድበት።

«ውሃ ነው፤» አለ መቶኛ ጃንጥላውን ወደ ሌላው ትከሻው እያዞረ። «ውሃ አጓድለሻል።»

«ጠዋትና ማታ ነው የማጠጣው። አፈሩን ይንኩት፤ እርጥብ ነው።»

መቶኛ አፈሩን አልነካም። «የዘሩ ብቅለት ዘጠና አምስት ከመቶ ነው። ጣሳው ላይ ተጽፏል። ጥፋቱ ከዘሩ ካልሆነ ከውሃው ነው። ውሃው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ፈትሸውታል?»

«ምኑን?»

«ዘሩን።»

«ፋብሪካው ፈትሾታል።»

«ፋብሪካው የዛሬ ስንት ዓመት ነው የፈተሸው?»

መቶኛ ሴትዮዋን አየት አደረጋትና፣ «በማታውቂው አትግቢ፤ አንቺ ባልዲሽን ያዢ፤» ብሎ ሄደ። ሲሄድም በኖራው ድንጋይ መሀል ነው።

ባልዲዋንማ ይዛ ነው የመጣችው። እዚያ ግቢ ስትገባ ግቢው ገና ጉድጓድና የድንጋይ ክምር ነበር። ግንበኞቹ ትምህርት ቤቱን ሲሠሩ ውሃ ታመላልስ ነበር፤ አንድ ልጅ አዝላ፣ ባሏ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ከወጣ ስድስት ወር ሆኖት። ያ ነገ እስካሁን አልነጋም። ግንባታው ሲያልቅ የሠራተኞቹ አለቃ፣ «በይ ባልዲውን አስረክቢና ሂጂ» ቢላት፣ «የተከላችሁትን ችግኝ ማን ያጠጣል?» ብላ ጠየቀችው። ባልዲውን ተወላት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ችግኞቹ ዛሬ ልጆች የሚጠለሉባቸው ዛፎች ናቸው። ስድስት የእርሻ መምህር ሸኝታለች። አንዱ ቦት ጫማ የሚያደርግ ነበር፤ ከሱ ጋር ፍግ አብስላለች፣ ያልበሰለ ፍግ ሥር እንደሚያቃጥል እሷ አሳይታው እሱ በመጽሐፍ ያለውን ምክንያት ነግሯታል። ሌሎቹም ቢያንስ ይጎነበሱ ነበር። የማይጎነበስ የእርሻ መምህር ያየችው በሰባተኛው ነው።

ዘሩን ያመጣው መቶኛ ራሱ ነበር፤ ገና እንደተቀጠረ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሚያምር ጣሳ። እትዬ ባልዲ ያኔ ለመነችው። «ደረጃው ሥር ያለው ክፍል ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ እዚያ ይቀመጥ።» መቶኛ፣ «እሱ ክፍል ለባልዲና ለመጥረጊያ ነው፤ ይሄ ምርምር ነው» አለና ጣሳውን በቢሮው ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለው። ቢሮው ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲንጠረጠር ውጭ ላለ ሰው ይሰማል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እዚያው ቁም ሳጥን ላይ ያፈስሳል። ጣሳው እዚያ ሆኖ ሦስት በጋ ተቀቀለ፣ ሦስት ክረምት ታሸ። ጎብኚ ሲመጣ ይወርዳል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል፣ ተመልሶ ይወጣል። ዘንድሮ የተዘራውም ሊበላ አይደለም፤ ከላይ የሚመጡ ተቆጣጣሪዎች «ተግባራዊ ትምህርት እናያለን» ስላሉ ነው።

ዘር ድንጋይ አይደለም። ተኝቶ የሚተነፍስ ነገር ነው፤ ሲሞቀውና ሲረጥብ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ስንቁን ጨርሶ ይሞታል። ከዘር ሁሉ ደግሞ ሽንኩርት ዕድሜው አጭር ነው። ይህን እትዬ ባልዲ ታውቃለች። መቶኛም ያውቃል፤ መጽሐፉ ምዕራፍ አራት ላይ አለ። ልዩነቱ እሱ የሚያውቀው ምዕራፍ አራት ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊዋ አነበበችላት፤ እሷ የምታነብበው ፊደል በፊደል እየለቀመች ነው። «በተሰጠዎት የውሃ ማጠጣት ኃላፊነት ላይ ባሳዩት ጉድለት ምክንያት የዘጠነኛ ክፍል ሰብል ሳይበቅል ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ አራት ቀናት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ውልዎ የሚቋረጥ መሆኑን እናሳውቃለን።» ርዕሰ መምህሩ ፈርመዋል፤ ቁጥር ወጥቶለታል፣ ማኅተም አርፎበታል።

ከሥራ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ የመጣ ሁሉ አንድ ቀን ይወጣል። በውሃ አጓዳይነት መውጣት ግን ለእትዬ ባልዲ ስሟን ከነሥሩ መንቀል ነበር። ዳቦ ጋጋሪን «እሳት አታውቂም»፣ አዋላጅን «ሕፃን ትጥያለሽ» እንደማለት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ውሃ የተሸከመ ትከሻዋ አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብሏል፤ ልብስ የምትሰፋላት ልጇ ሁልጊዜ የግራውን እጅጌ በሁለት ጣት ታሳጥርላታለች።

ያን ዕለት ማታ ልጇ በስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጇ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እትዬ ባልዲ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ አነበበችውና ፊቷ ቀላ።

«እማማ፣ እኛ እኮ እንደምታጠጪ እናያለን።»

«ማየታችሁ ምን ያደርጋል፤ ጣሳው ላይ አልተጻፈ።» ከዚያ ጠየቀቻት፤ «ለመሆኑ ዘር መሞት አለመሞቱ እንዴት እንደሚታወቅ አስተምሯችኋል?»

«አዎ። የብቅለት ፍተሻ ይባላል።» ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ አሳየቻት። ገጹ ያምራል። አራት ማዕዘን ጨርቅ ተሥሏል፣ በላዩ አሥር በአሥር ሆኖ መቶ ጥቁር ነጥብ ተደርድሯል፣ ከየነጥቡ አረንጓዴ ጭራ ወጥቷል። ከታች በቀይ እስክርቢቶ «አሥር ከአሥር፤ በጣም ጥሩ» ተብሎ ተፈርሞበታል። የመቶኛ ፊርማ ነው።

«ጎሽ። ስንቱ በቀለ?»

«ዘጠና አምስቱ።»

«ጨርቁን የት አስቀመጣችሁት?»

«የቱን ጨርቅ?»

«ዘሩን ያበቀላችሁበትን።»

ልጅቷ ዓይኗን አርገበገበች። «ጨርቅማ የለም እማማ። ሥዕል ነው። ዘጠና አምስቱን አረንጓዴ ቀቡ፣ አምስቱን ተዉ አለን። እኔ በስተግራ ያሉትን ተውኩ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጇ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አይ መምህር፤» አለች። «እንዲህ ከሆነማ እኔም ለደንበኞቼ ቀሚስ ሥዬ ልስጣቸው።»

እትዬ ባልዲ አልሳቀችም። ደብተሩን በሁለት እጇ ይዛ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። ደብተር ላይ ያለው ትክክል ነው፤ ቅር ያላት እሱ ነው። መቶ ፍሬ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ቆጠራ። እናቷም የምታደርገው ይህንኑ ነበር፤ ፊደል ሳትቆጥር።

«በይ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ስጪኝ፤» አለች ለልጇ። «ሁለት።»

ዘር መጣል አትወድም። መደቡ ሲዘራ እጇ ላይ የተረፈውን የጣሳውን ዘር በወረቀት ጠቅልላ በሽርጧ ኪስ ይዛው ነበር። ሌላ ዘርም ነበራት፤ የራሷ። አምና ጓሮው ውስጥ አንድ መስመር ሽንኩርት ሆን ብላ ሳትነቅል ትታ ነበር፤ አበባው እንደ ነጭ ኳስ ሆኖ ቆመ። መቶኛ ከድንጋዩ ማዶ አየውና፣ «ያበበ ሽንኩርት ያለፈበት ነው፤ ገጽታ ያበላሻል፤ ይነቀል» አለ። የሽንኩርት ዘር ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ የእርሻ መምህር ማየት፣ እንቁላል ከሱቅ የሚፈለፈል የሚመስለው ዶሮ ነጋዴ እንደማየት ነው። እትዬ ባልዲ የፊት ለፊቱን ነቀለች። መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ጋዋን በማይደርስበት፣ የተከለቻቸውን አሥራ አንዱን ግን አልነካችም። አበባቸው ሲደርቅ ቆረጠች፣ በጥላ አደረቀች፣ አሸችና በብርጭቆ ዕቃ አድርጋ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች።

ልጅቷ ቆጠረች፤ መቶ ከጣሳው፣ መቶ ከአልጋ ሥሩ። እትዬ ባልዲ ጨርቆቹን ውሃ ነክራ ጠመዘዘቻቸው።

«ለምን ትጨምቂዋለሽ? ውሃ አይፈልግም?»

«ይፈልጋል። ግን ይተነፍሳልም። የሚያንጠባጥብ ጨርቅ ዘር ያሰጥማል። እርጥብ ይሁን እንጂ አይዋኝ።»

አሥር በአሥር ደረደሩ፤ ፍሬ ከፍሬ ሳይነካካ፣ አንዱ ቢሻግት ለጎረቤቱ እንዳያስተላልፍ። ጠቀለሉት። የጣሳውን በነጭ ክር፣ የራሷን በቀይ ክር አሰረችው። ሁለቱንም በስስ ላስቲክ ላላ አድርጋ ጠቅልላ ከውስጥ ቀሚሷ በላይ ወገቧ ላይ በመቀነት አሰረችው። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ የሰው ገላ ሌሊት አይበርድም፣ ቀትር አይንጠረጠርም። ሁለቱ ጥቅሎች አንድ ወገብ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ ውሃ ይጋሩ።

ልጇ ጎንበስ ብላ አየቻት። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ፀነስሽ?»

«ሁለት መቶ።»

«አባታቸውስ?»

«የግማሾቹ አባት መምህር መቶኛ ነው። ለዚህ ነው የማይላወሱት።»

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ተደፍታ እስኪያንቃት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እትዬ ባልዲ የሞተውን መደብ ማጠጣቷን አላቋረጠችም። እንደሞተ ታውቃለች፤ ግን ውሃ አጓደለች እንዲባል አንዲት ጠብታ አትሰጣቸውም። ጠዋት ጥቅሎቹ እንዳይደርቁ ጣቷን ነክራ ትረጫቸዋለች፤ ማታ ከልጅ ልጇ ጋር ትፈታቸዋለች።

በአራተኛው ቀን መቶኛ ክፍሉን በሙሉ ወደ ጓሮ አወጣ። አርባ ልጆች በኖራው ድንጋይ መሀል ተሰልፈው ቆሙ። እሷ ማጠጫ ይዛ አራተኛው መደብ ላይ ናት።

«ተመልከቱ፤» አለ። «ይህ የሰው ስህተት ይባላል። የሰብል ውድቀት ሰባ ከመቶው ባልሠለጠነ ሠራተኛ የሚመጣ ነው። ጻፉ።»

ልጆቹ ጻፉ። ከኋላ አንዱ፣ «መምህር፣ ሠላሳ ከመቶውስ?» አለ።

«በዝናብ።»

«ጃንጥላስ ስንት ከመቶ ይይዛል?» አለ ሌላው ጉሮሮውን እየጠራረገ። ሳቅ ሾለከ። የልጅ ልጇ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን እያየች እስክርቢቶዋን ይዛ ቆማለች፤ ወረቀቷ ባዶ ነው። እትዬ ባልዲ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ልጅ ስታፍር ማየት ማባባስ ነው። ማጠጫውን ወደ አምስተኛው መደብ ወሰደች። ጥቅሉ ወገቧ ላይ ሞቅ ብሏል።

ያን ዕለት ማታ ቀዩን ክር ሲፈቱ ከጥቁሮቹ ፍሬዎች ነጭ ነገር ብቅ ብሏል።

«ቅጠሉ ወጣ፤» አለች ልጅቷ።

«ሥሩ ነው። መጀመሪያ እግሩን ነው የሚተክለው፤ ራሱን የሚያነሣው በኋላ ነው። ደብተርሽ ላይ አረንጓዴ ያደረግሽው ለዚህ ነው ያሳቀኝ።»

«አልሳቅሽም እኮ።»

«በሆዴ።»

ነጩን ክር ፈቱት። መቶው ፍሬ አርፎ ተኝቷል። በሰባተኛው ቀን ሻጋታ ጀመረው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠረች፤ ከቀዩ ዘጠና አንድ፣ ከነጩ ሦስት። ከሦስቱ አንዱ ሥሩ አጭርና ቡናማ ነበር፤ በማግስቱ ሞተ። ጨርቆቹን ዳግመኛ ጠቀለሉ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሯት። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር መስማማታቸው ነው፤ ሁለት ሰው ፊታቸው ቢከራከር ሁለቱም ትክክል ሆነው ይወጣሉ። መቶኛ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል። እሷን ማንም ተቀመጪ አላላትም።

«እትዬ፣» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ «መደቡ ባዶ ነው። ምን ይላሉ?»

ሁለቱን ጥቅሎች ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛቸው መስታወት ላይ ዘረጋቻቸው። ከአንዱ ጨርቅ ጥቅጥቅ ያለ ነጭና አረንጓዴ ተነሣ። ከሌላው የሻጋታ ሽታ ተነሣ።

«ይሄኛው ከመምህሩ ጣሳ የተዘራው ነው፤ መቶ ፍሬ። ይሄኛው የኔ ነው፤ መቶ ፍሬ። ውሃው አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ ቀኑ አንድ ነው። ውሃ ካጓደልኩ ለሁለቱም ነው ያጓደልኩት። ይቁጠሩት።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉ። መቶኛ ግን ሳቀ። «ጌታዬ፣ ይሄ ሳይንስ አይደለም። የት እንዳስቀመጠችው አይተዋል? ወገቧ ላይ። በሠለጠነ ዘመን ዘር በመቀነት ይፈተሻል?»

«እውነት ነው፤ መቀነት ...» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

እትዬ ባልዲ ከሽርጧ ኪስ ደብተር አወጣች። የልጅ ልጇ ናት የሰጠቻት፤ ገጹ ላይ ክር አድርጋበታለች። ከፈተችና ከጨርቆቹ አጠገብ አኖረችው። ጨርቅ፣ አሥር በአሥር መቶ ነጥብ፣ ቆጠራ፣ ከታች ቀይ እስክርቢቶ።

«እኔ ሳይንስ አላውቅም፤» አለች። «ግን ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው ፊርማውን አዩ። ከዚያ መቶኛን አዩ። መቶኛ ፊርማውን አየ። አፉን ሲከፍት እፍረት የሚወጣ መስሏት ነበር፤ እሷም እንዲህ ዓይነት የዋህነት አልፎ አልፎ ያጠቃታል።

«ታዲያ ማን አስተማረው?» አለ መቶኛ፤ ጋዋኑን እያስተካከለ። «የኔ ትምህርት እኮ ነው ጌታዬ። ተግባራዊ ሙከራውን ልጆቹ ከቤተሰብ ጋር እንዲሠሩት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ይኸው ውጤቱ። ለተቆጣጣሪዎቹ ማሳያ ይሆናል።»

ርዕሰ መምህሩ የመጨረሻውን ተናጋሪ ሰሙና ፊታቸው በራ። «እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው። እንግዲህ እትዬ፣ ደብዳቤው ቀርቷል፤ ይሂዱ፣ ሥራዎን ይሥሩ።»

«ይቀደድልኛ።»

«መቅደድ እንኳ አይቻልም። ቁጥር ወጥቶለታል። ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ግን ማንም አያየውም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እትዬ ባልዲ ደብዳቤውን አጥፋ ይዛው ነበር፤ ገልብጣ ባዶ ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ካልተቀደደ ጀርባው ይጻፍበት። የፋይሉም ላይ እንዲሁ። ጨርቁን መምህሩ ይውሰዱት፤ ለማሳያ ይሁናቸው። ግን በእጃቸው ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ ‹ውሃው ሙሉ ነበር፤ ዘሩ የሞተ ነበር› ብለው። ከዚያ እሄዳለሁ።»

መቶኛ ርዕሰ መምህሩን አየ፤ ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ የመጨረሻዋ ተናጋሪ እሷ ስለሆነች ራሳቸውን ነቀነቁ። መቶኛ ጻፈ። ስድስት ቃል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ እስክርቢቶ ቀየረ። እትዬ ባልዲ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አነበበች፤ «የሞተ» የሚለው ላይ ቆም ብላ እንደገና አየችው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ ጥቅሎቹ በነበሩበት ወገቧ ላይ አኖረችው።

ያኑ ዕለት ሁለት መደብ ቆፍራ የራሷን ዘር ዘራች፤ ለአምስቱም አይበቃም። ሳሳ ያለ ጉዝጓዝ አለበሰችው። በዘጠነኛው ቀን እነዚያ የመርፌ ዓይኖች ወጡ፤ ጎበጥ ጎበጥ ብለው፣ ረድፍ ይዘው።

ተቆጣጣሪዎቹም መጡ። መቶኛ ጨርቆቹን መስታወት ውስጥ አድርጎ በየሥራቸው ወረቀት ለጥፎ ነበር። የልጅ ልጇ አንብባ እየሮጠች ወደ ጓሮ መጣች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«እማማ፣ ገልብጦታል። የኛን ‹የተሻሻለ ዘር፣ ከጣሳ› ብሎ ጽፎበታል። የሞተውን ‹በባህላዊ መንገድ የተጠበቀ የሠራተኛ ዘር› ይላል።»

እትዬ ባልዲ አረም መንቀሏን አላቆመችም። «ዘጠና አንዱን ዘጠና አምስት አላለውም?»

«ብሎታል።»

«በይ እሺ።»

«በይ እሺ? ደብዳቤውን ስጪኝ፤ ሄጄ ላሳያቸው። በራሱ እጅ የጻፈው አይደል? ይፈር።»

«ልጄ፣ እሱን ለማሳፈር መጀመሪያ የሚያፍር ፊት መፈለግ አለብኝ። እኔ ደግሞ ሥራ አለብኝ።» አንዲት ቡቃያ ጎን የበቀለ አረም በሁለት ጣት ነቀለች። «ደብዳቤው የኔ ስም ነው፤ ለሱ ፊት መጥረጊያ አላደርገውም። አንቺ ግን ሂጂና ጓደኞችሽን ጥሪልኝ። በተራ ይምጡ። እጃቸውን ይዘው።»

መቶኛ ፊት ለፊት በር ላይ እንግዶቹን ሲሸኝ፣ አርባው ልጆች ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተራ ያዙ። ለእያንዳንዱ ከራሷ ዘር ካስቀረችው አሥር ፍሬና ከልጇ የስፌት ቁርጥራጭ አንዳንድ ጨርቅ ሰጠቻቸው። «ጭመቁት፤ አይዋኝ፤» እያለች። ያ የጃንጥላው ቀልደኛ፣ «እትዬ፣ የግድ ወገብ ላይ ነው?» አላት። «አንተ ኪስህ ውስጥ ያዘው፤ ወገብ የለህም፤» አለችው። ከአሥር ቀን በኋላ አርባ ጨርቅ ተመለሰ። አንዱ ስምንት፣ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዱ አሥር። የሁለቱ ደርቆ ዜሮ ሆነ፤ እነሱም ዜሯቸውን ይዘው መጡ፣ አልደበቁም። ከዚያ ጓሮ ከወጣ ቁጥር ሁሉ የታመነው የዚያ ቀን ቁጥር ነው።

ጣሳው እስከዛሬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አለ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲንጠረጠር ይሰማል። ላዩ ላይ አሁንም ዘጠና አምስት ከመቶ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ፊደል፣ ማንም በማያነብበት፣ «በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል።

ይህን የምታነብቡ፣ እናንተም ልጅ አላችሁ፣ ወይም የወንድም፣ ወይም የጎረቤት ልጅ። አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ ሮጦ ይመጣና አሥር ከአሥር አገኘሁ ይላችኋል። ሳሙት፤ ደክሟልና። ከሳማችሁት በኋላ ግን አደራችሁን፣ ደብተሩን ከመመለሳችሁ በፊት አንዲት ነገር ጠይቁልኝ፤ ጨርቁን አሳየኝ በሉት። ከሌለው አትቆጡት። ከመከዳው ሥር ወይም ከማድጋው አጠገብ ያለውን ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ቅደዱለት፣ አሥር ፍሬ ስጡት፣ አብራችሁት ቁጠሩ።